መኪናው ከጦር ሰፈር ወጣ፤ የጥገና ደብተሩ ግን እዚያው ቀረ

የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን መቀመጫ የሆነችው ከሚሴ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ትገኛለች። ማዳበሪያም ሆነ ምርጥ ዘር እስከ ከተማዋ የሚመጣው በአስፋልት ነው። ባለ ተሳቢው መኪና 400 ኩንታል ጭኖ መጋዘን ደጃፍ ላይ ያራግፋል። ችግሩ የሚጀምረው ከመጋዘኑ በኋላ ነው። በዳዋ ጨፋ፣ በአርጡማ ፉርሲ፣ በጅሌ ጥሙጋ፣ በባቲና በደዌ ሀረዋ ወረዳዎች ከአስፋልቱ ርቀው ያሉ ቀበሌዎች የሚደረስባቸው በጠጠርና በአፈር መንገድ ነው። ክረምቱ ሲገባ ጥቁሩ አፈር ጎማ ይይዛል፤ በበጋ አሸዋ ብቻ የሆነው የወንዝ መሻገሪያም ይሞላል።

በየመንገዱ የሚታየው አይሱዙ ለአስፋልትና ለደረቅ ጠጠር መንገድ ተስማሚ ነው። ጭቃ ላይ ግን የሚገፋው በኋላ እግሩ ብቻ በመሆኑ ይሰምጣል። በዚህ ጊዜ የሚፈለገው የፊት እግሩም የሚጎትት፣ ከመሬት ከፍ ያለ መኪና ነው። እንዲህ ያለውን አዲስ መኪና ለመግዛት የአንድ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር አቅም አይፈቅድም። አሮጌ መኪና ከውጭ አስመጥቶ መተካትም ቢሆን የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ ከብዷል፤ አዋጁ ያገለገለ ተሽከርካሪ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱም እንዲጨምር ያደርጋል። ስለዚህ ቀድሞ ለሠራዊት ተሠርተው አገር ውስጥ የቀሩት የናፍጣ መኪኖች፣ በተለይም የምሥራቅ ጀርመኑ ኢፋና የሶቭየቱ ኦራል፣ ዛሬም ፈላጊ አላቸው።

እነዚህ መኪኖች ጠንካሮች መሆናቸው አያከራክርም። ጥያቄው ሌላ ነው። በሠራዊት ቤት አንድ መኪና የሚጠገነው ሲበላሽ ሳይሆን ቀኑ ሲደርስ ነበር። ዘይቱ የሚቀየርበት፣ ፊልትሮው የሚታጠብበት፣ ፍሬኑ የሚፈተሽበት ጊዜ በደብተር ተጽፎ፣ የሚሠራው ሰውና የሚቆጣጠረው አለቃ ተለይተው ይታወቁ ነበር። መኪናው በጨረታ ተሸጦ ወደ ሲቪል ሥራ ሲገባ ይህ ሥርዓት አብሮት አልመጣም። “የጦር መኪና አይሞትም” የሚለው አባባልም የተረፈውን ጥንቃቄ ያስረሳል።

ከትሬንታ ኳትሮ እስከ ኢፋ

የጦር መኪና ወደ ሲቪል ሥራ ሲገባ ይህ በደሴ መንገድ የመጀመሪያው አይደለም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ሲወርር ይዟቸው ከመጣቸው የጭነት መኪኖች አንዱ ፊያት 634 የተባለው ባለ ናፍጣ ሞተር ነበር። ሾፌሮች ከቁጥሩ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በጣሊያንኛ ወስደው “ትሬንታ ኳትሮ” ይሉታል። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ መኪኖቹ ቀርተው እህልና ጨው፣ ሰውና ሸቀጥ ያመላልሱ ጀመር። የኢትዮጵያ መካኒክ ሙያውን ከተማረባቸው መኪኖች መካከል እነዚህ ይገኙበታል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ፊልትሮ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ዛሬ በከሚሴ አንድ ረዳት የሩሲያ መኪና ሲፈታ የሚጠራው ዕቃ ስሙ ጣሊያንኛ ነው።

የኢፋ ታሪክ ደግሞ ከገበሬው ጋር በቀጥታ ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1975 በብራዚል የወረደው ከባድ ውርጭ የቡና ዛፎችን አወደመ፤ የዓለም የቡና ዋጋም ናረ። የውጭ ምንዛሪ ያጠራት ምሥራቅ ጀርመን ለሕዝቧ ቡና ማቅረብ ተሳናት። በ1969 ዓ.ም. ከደርግ መንግሥት ጋር በደረሰችው ስምምነት ቡናውን በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በጦር መሣሪያና በፋብሪካ ዕቃ ለወጠች፤ ከዕቃዎቹ መካከል የጭነት መኪናም ነበረበት። በሌላ አነጋገር ኢፋ ወደዚህ አገር ሲመጣ ከዋጋው የተወሰነውን የከፈለው የቡና ገበሬው ነው። ይህን የሚያስታውስ ሰው በየግቢው ቆሞ የዛገ ኢፋ ሲያይ ቢቆጭ አይፈረድበትም።

ኢፋ ዳብሊው 50 በሉድቪግስፌልደ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1990 ከ570 ሺህ በላይ ተመርቷል። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር ሆኖ ስፋቱ 6.5 ሊትር ገደማ፣ ጉልበቱ 125 የፈረስ ጉልበት ነው። 50 ኩንታል ማለትም 100 ከረጢት ማዳበሪያ ለመጫን የተሠራ ነው። ሲሊንደሮቹ ጥቂት፣ አሠራሩም ቀላል ስለሆነ በመንደር ጋራዥ ሊፈታ ይችላል። ነገር ግን ኢፋ ሁሉ የፊት እግሩ አይጎትትም፤ በኋላ እግር ብቻ የሚገፋውም ብዙ ነው። ጭቃ ይሻገርልኛል ብሎ የሚገዛ ማኅበር ከፊት ጎማዎቹ መካከል ዲፍረንሻል መኖሩን ጎንበስ ብሎ ማየት አለበት።

ኦራልም እንዲሁ ያሳስታል። ኦራል 375 የሚባለው ቀደም ያለው ዓይነት የናፍጣ ሳይሆን የቤንዚን መኪና ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትርና ከዚያ በላይ ይጠጣል። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የተሠራው ኦራል 4320 ግን ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 210 የፈረስ ጉልበት ያለው የካማዝ ናፍጣ ሞተር የተገጠመለት ነው። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ። ኮፈኑ ሳይከፈት የተገዛ ኦራል የማኅበሩን ትርፍ ለቤንዚን ማደያ ሲገብር ይኖራል።

የናፍጣ ሞተር ጠላቶች

ናፍጣ ሞተር ሻማ የለውም። ነዳጁ የሚቀጣጠለው ታምቆ በጋለ አየር ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ሲረጭ ነው። ይህን ግፊት የሚፈጥረው ፖምፓና የሚረጨው ኖዝል በጣም ተጠጋግተው የተሠሩ ብረቶች ስለሆኑ ዓይን የማያየው አሸዋ ይፍቃቸዋል፣ ውኃ ያዝጋቸዋል። የሚለሰልሳቸውም ራሱ ናፍጣው ነው። ናፍጣ ውስጥ ላምባ መቀላቀል የሚጎዳው ለዚህ ነው፤ ላምባ ቀጭን በመሆኑ ብረቱን አያለሰልስም። ሞተሩ ለጊዜው ቢሠራም ፖምፓው በሂደት ይበላል።

ከማደያ ርቀው በሚገኙ ቀበሌዎች ናፍጣ በበርሜል ይቀመጣል። ከበርሜል የሚቀዳ ናፍጣ ቢያንስ አንድ ሌሊት ረግቶ ማደር አለበት። የመቅጃው ቱቦ የበርሜሉን ወለል እንዳይነካና ከታች አንድ ስንዝር ያህል እንዲቀር ማድረግ ያስፈልጋል፤ ውኃውና ዝቃጩ የሚተኛው እዚያ ነው። የመኪናው ነዳጅ ጋንም ቢሆን ማታ ሞልቶ ቢያድር ይሻላል። ጎድሎ ያደረ ጋን ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጠል ይቋጥራል፤ ጠዋት ያ ውኃ ወደ ፊልትሮ ይወርዳል።

በቆላው ወረዳዎች ከውኃ ይልቅ አቧራ ይከፋል። የደዌ ሀረዋንና የጅሌ ጥሙጋን የበጋ መንገድ የሚያውቅ ሾፌር ይህን አያጣውም። ኢፋ የአየር ማጣሪያው ዘይት ያለው ነው፤ አየሩ ዘይቱን እየነካ ሲያልፍ አቧራው እዚያው ይቀራል። ዘይቱ ጭቃ ከሆነ ግን አቧራው በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ይገባል፤ ፒስተኑንና ቀለበቶቹን እንደ ሞረድ ይሞርዳቸዋል። በአቧራማ ወቅት ማጣሪያውን በየሳምንቱ፣ ሥራ ሲበዛም በየሁለት ሦስት ቀኑ መክፈት ይገባል። ሳህኑ በናፍጣ ታጥቦ አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ ድረስ ብቻ ይሞላል። ከምልክቱ ካለፈ ሞተሩ ዘይቱን ይስበዋል። ከማጣሪያው ወደ ሞተር የሚሄደው ጎማ ቱቦ ቢሰነጠቅ የታጠበው ማጣሪያ ከንቱ ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የሞተሩን ሁኔታ ለማወቅ ጭሱን ማየት ግማሽ ምርመራ ነው። ሽቅብ ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚበዛው አየር ሲያጥር ወይም ኖዝሉ ነዳጁን ሳይበትን ሲያንጠባጥብ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ነጭ ጭስ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ቢታይ አያስደነግጥም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከቀጠለና የራዲያተሩ ውኃ እየጎደለ ከሄደ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል ማለት ነው።

ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ የሰው እጅ ሥራ ነው። ከሚሴ ከባሕር ወለል 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ሞተር ሲግል ረዳቱ ሮጦ ከቦርከና ውኃ ቀድቶ ራዲያተር ውስጥ ይጨምራል። ቀዝቃዛ ውኃ የጋለ ብረት ሲነካው ይሰነጠቃል። ደለሉም ራዲያተሩ ውስጥ ይረጋና በሚቀጥለው ሳምንት መኪናው ይበልጥ ይግላል። ሞተሩ ሥራ ፈትቶ እየዞረ እስኪበርድ ጠብቆ፣ የተጣራ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር ነው የሚያዋጣው። ቴርሞስታት አውጥቶ መጣልም በየጋራዡ እንደ መድኃኒት ይታያል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በቂ ሙቀት ሳያገኝ ስለሚሠራ ያልተቃጠለ ናፍጣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ሞተሩም ያለ ዕድሜው ያረጃል።

ቁልቁለቱ የሚጠብቀው ሲመለስ ነው

ማሾ ወይም ማሽላ ጭኖ ወደ መሀል አገር የሚሄድ መኪና ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማ በር ይወጣል። የሸዋ ሮቢት ከፍታ 1,300 ሜትር አይሞላም፤ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሽቅቡ ሞተር ይፈትናል እንጂ ሰው አይገድልም። አደጋው መኪናው ሸቀጥ ጭኖ ሲመለስ ነው።

አሮጌዎቹ ኢፋና ኦራል የሚቆሙት በአየር በሚታገዝ የዘይት ፍሬን ነው። ይህ ማለት ሁለት ነገር ሊበላሽ ይችላል፤ አየሩም ዘይቱም። የአየር ጋኑ ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ በየቀኑ ካልተለቀቀ ቧንቧውንና ክዳኖቹን ያዝጋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት እየሳበ ሲያረጅ ቁልቁለት ላይ በሙቀቱ ይፈላል። ሾፌሩ ሲረግጥ ፔዳሉ ሳይቋቋመው ወለል ይነካል። ዘይቱ ቢያንስ በሁለት ዓመት አንዴ ተጠርጎ መውጣት አለበት። በፍሬን ዘይት ምትክ የሞተር ዘይት የጨመረ ሰው የሲሊንደሩን ጎማዎች አብጦ እንዲያዝ ያደርጋል፤ ይህ ስህተት በመጀመሪያው ቀን አይታወቅም።

ጣርማ በርን ለመውረድ የቆየው የሾፌሮች ሕግ ሽቅቡን በወጡበት ማርሽ መውረድ ነው። ማርሹ የሚገባው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ፍጥነቱ ከጨመረ በኋላ አሮጌ ካምቢዮ ወደ ታች ማርሽ አይገባም፣ መኪናውም በባዶ ማርሽ ይቀራል። የጭስ ማውጫውን በመዝጋት ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ የሚያደርገው የሞተር ፍሬን በአሮጌ ኢፋዎች ላይ ዝጎ ተይዞ ቢገኝ አያስገርምም። ታጥቦና ግሪስ ተቀብቶ እንዲሠራ ማድረግ ብዙ ወጪ የለውም።

የፍሬን ሸራ ሲቀየር አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዚያ ዘመን ሸራዎች አስቤስቶስ የተባለ ማዕድን ያለባቸው ናቸው፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ያመጣል። ጎሚስታው በአየር ቱቦ “እፍ” ሲያደርገው ብናኙ ጋራዡን ሁሉ ይሞላል። በውኃ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግ፣ ጨርቁንም ቀብሮ መጣል ይሻላል።

ሰንበቴ እሑድ፣ ባቲ ሰኞ ገበያ ነው። በእነዚህ ቀናት በጭነት ላይ ሰው የጫነ መኪና ማየት የተለመደ ነው። 50 ኩንታል ለመሸከም የተሠራ ፍሬን 80 ኩንታልና በላዩ ሠላሳ ሰው ጭኖ ቢከዳ ጥፋቱ የፍሬኑ አይደለም። የወረዳ የመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ቦሎ ሲሰጡ መብራትና ቀለም ከሚያዩ ይልቅ መኪናውን ጭነው፣ ቁልቁለት ላይ አቁመው ፍሬኑን ቢያዩ ብዙ ነፍስ ይተርፋል።

ዕቃው ከየት ይመጣል?

ኢፋ መመረት ካቆመ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ኦራል ግን በሩሲያዋ ሚያስ ከተማ እስካሁን ይሠራል፤ የካማዝ ሞተር ዕቃም በዓለም ገበያ አለ። ስለዚህ በዕቃ በኩል ኦራል 4320 ይሻላል፤ በነዳጅና በቀላልነት ደግሞ ኢፋ ይመረጣል። ኢፋ የሚይዝ ማኅበር ከመጀመሪያው አንድ የቆመ ኢፋ ለዕቃ ብሎ አብሮ መግዛት አለበት። ሦስት ገዝቶ ሁለት የሚነዳ ማኅበር ሦስቱንም ሊነዳ ከሚሞክር ይልቅ ብዙ ቀን ይሠራል።

ለአንድ ተራ ዕቃ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄዶ “የኢፋ ኩሽኔታ አለ?” ብሎ መጠየቅም ሁልጊዜ አያስፈልግም። ኩሽኔታ የሚታወቀው በመኪናው ስም ሳይሆን በላዩ በተመታው ቁጥር ነው። ለምሳሌ 6308 የሚል ኩሽኔታ የትም አገር ቢሠራ የውስጥ ቀዳዳው 40፣ የውጭ ስፋቱ 90፣ ውፍረቱ 23 ሚሊ ሜትር ነው። በአሮጌ የሩሲያ መኪና ላይ 308 ተብሎ የተጻፈው ያው ራሱ ነው። የዘይት መከላከያ ጎማዎችም በመጠናቸው ይገዛሉ። ቁጥሩ ከጠፋ በካሊፐር ተለክቶ ይጻፋል። ቡሽና ፒን ቶርኖ ቤት ይወጣሉ። ቶርኖ የማይሠራቸው የፖምፓው ውስጥና የኖዝሉ ጫፍ ናቸው፤ እነሱን መፍታት መለኪያ መሣሪያ ላለው የፖምፓ ቤት ብቻ መተው አለበት።

የኤሌክትሪኩ ነገርም መዘዝ አለው። ኦራል የሚሠራው በ24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተቀጥለው ይሰጡታል። ሾፌሩ ቴፕ ወይም መብራት ለመግጠም ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ሽቦ ሲስብ ያ ባትሪ ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፤ በጥቂት ወራት ሁለቱም ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ መሣሪያ ዋጋው ከአንድ ባትሪ ያነሰ ነው።

ጨረታ ላይ የሚቀርብ ማኅበር ከሞተሩ በፊት የሚያያቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ሊብሬው ነው፤ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር ካልገጠመ መኪናው ለዓመታት ግቢ ሊቆም ይችላል። ሁለተኛው ሻንሲው ነው፤ በባሌስትራው ማሠሪያ አካባቢ ተበይዶ ቀለም የተቀባ ስንጥቅ ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይገዛም። ሦስተኛው ጎማው ነው። የኦራል ጎማ ልኩ 14.00-20 የሆነ ትልቅ ጎማ ነው፤ በየጎሚስታው አይገኝም፣ ስድስቱ ሲገዙም ዋጋቸው ከመኪናው ጋር ሊፎካከር ይችላል። ሞተር ከዚህ በኋላ ይታያል፤ ሞተር ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ በሌላም ይተካል።

ደብተሩን እንደገና መክፈት

የብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ሞቷል። “ዘይት መቼ ተቀየረ?” ሲባል መልሱ “በቅርቡ” የሚሆነው ለዚህ ነው። ቆጣሪ ባይኖርም ግን ነዳጅ ይቆጠራል። በ100 ኪሎ ሜትር 25 ሊትር የሚጠጣ ኢፋ 5,000 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 1,250 ሊትር ማለትም ከባለ 200 ሊትሩ ስድስት በርሜል ትንሽ የሚበልጥ ይጠጣል። ስለዚህ በየስድስት በርሜሉ ዘይትና የዘይት ፊልትሮ ይቀየራል ብሎ መጻፍ ይቻላል። ናፍጣ የሚያወጣው የማኅበሩ ንብረት ክፍል ስለሆነ ደብተሩን የሚይዘውም እሱ ይሁን። ሾፌር ይቀየራል፤ ደብተሩ ከንብረት ክፍሉ አይወጣም። ነዳጁ በድንገት ከጨመረም ያው ደብተር ይናገራል፦ ወይ ኖዝሉ ተበላሽቷል ወይ ናፍጣው ሌላ ቦታ እየሄደ ነው።

የሚቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ እሱ ደግሞ የወረዳዎችን የበጀት አያያዝ ይነካል። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ለመለዋወጫ የተፈቀደ ገንዘብ በዚያ ወር ተለቅቆ፣ ግዥው ጨረታ ተጠብቆ እስኪጠናቀቅ ዕቃው መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ይደርሳል። ማዳበሪያው ግን ከግንቦት እስከ ሐምሌ በጭቃው ላይ መሄድ ነበረበት። የማሽላው ጭነት ከኅዳር እስከ ጥር ያልቃል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ መኪናው ሥራ የሚያንስበት፣ መንገዱ ደረቅ የሆነበት ጊዜ ነው፤ ፍሬን የሚፈታውም፣ ራዲያተር የሚታጠበውም፣ ፖምፓ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ደሴ የሚላከውም ያኔ ነው። በሐምሌ የተፈቀደው ገንዘብ ለዚያ ሥራ የሚደርሰው የዕቃው ዝርዝር ከነቁጥሩ አስቀድሞ በሰኔ ተጽፎ ግዥው እስከ ጥር ከተጠናቀቀ ብቻ ነው። ዝርዝሩን ማውጣት የሚቻለው ደግሞ ከደብተሩ ነው።